አጣጥ፣ በርበሬ እና የጡት ካንሰር



ነገሬን የምጀምረው ሁላችሁም ከምታውቁት ቁጥቋጦ ነው፤ ከአጣጥ። ከብት ሲጠብቅ በአጣጥ እሾህ ያልተጫረ ሰው ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። በማሳ ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይበቅላል፤ ለማገዶም ለአጥርም ይሆናል። አጣጥ ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ግን በርካታ ዘመዳሞች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ ሊቃውንቱ ማይቴነስ ሴራታ የሚሉት፣ በዓለም የጡት ካንሰር ሕክምና ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ይህን በሀገራችን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሊታወቅ ይገባዋል የምለው እንድንኮራበት ብቻ አይደለም፤ ቅጠልና ሥር ካንሰርን ያድናል አያድንም ለሚለው ክርክር ከአጣጥ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከየአህጉሩ ተክል እያሰበሰበ፣ ካንሰርን የሚገድል ንጥረ ነገር ይፈልግ ነበር። ከኢትዮጵያ የተገኘው አጣጥ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት በነበሩት በሞሪስ ካፕቻን እጅ ገባ። ካፕቻንና ባልደረቦቻቸው በ1972 ከውስጡ ማይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን አሳተሙ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ኃይሉ ግን የሚያስፈራ ነበር፤ በዘመኑ ብርቱ የካንሰር መድኃኒት ከሚባለው ከቪንክሪስቲን በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ በረታ። ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል የሚዘረጋቸውን ጥቃቅን ቱቦዎች ያፈርሳል፤ መከፈል ያቃተው ሕዋስም ይሞታል።

ታዲያ ወዲያው መድኃኒት ሆነ? አልሆነም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ። ትውከትና ተቅማጥ፣ የነርቭ መታወክ፣ ድካም አስከተለ፤ ለካንሰሩ የሚበቃውን መጠን ሰውነት ሊሸከመው አልቻለም። ሙከራው ተቋረጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ተክሉ የእኛ ነው። ንጥረ ነገሩ እውነተኛ ነው። የካንሰር ሕዋስን መግደሉም በላቦራቶሪ ታይቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ለታመመች ሴት አልጠቀማትም። ነገ አንድ ሰው መጥቶ፣ ይህ ሥር ካንሰርን እንደሚገድል በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ቢላችሁ፣ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከላቦራቶሪው እስከ ታማሚዋ ያለው መንገድ ግን ለአጣጥ 40 ዓመት ፈጅቷል።

መላው የተገኘው በሌላ በኩል ነው። ከአምስት የጡት ካንሰር ሕሙማን በአንዷ ገደማ የካንሰሩ ሕዋስ ኸር-2 የተባለ ፕሮቲን በገጽታው ላይ ከልክ በላይ ያበዛል። ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ተመራማሪዎች ከማይታንሲን ጥቂት ለውጥ የተደረገበትን ዘር ወስደው ከትራስቱዙማብ ጋር አሰሩት፤ መርዙም በደም ውስጥ እንዳይበተን፣ የካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ብቻ እንዲፈታ አደረጉ። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ይሉታል። 991 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በሽታው ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው ሴቶች በቀድሞው ሕክምና የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 25.1 ወር ሲሆን፣ በዚህኛው 30.9 ወር ሆነ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ፈቀደው። ዛሬ መድኃኒቱን ለመሥራት አጣጥ አይቆረጥም፤ ተመሳሳዩን ንጥረ ነገር የሚሠራ ባክቴሪያ በጃፓናውያን ተመራማሪዎች ተገኝቶ፣ በፋብሪካ በርሜል ይመረታል።

መርዙ ሕዋሱ ውስጥ እንዴት ይፈታል? የዛሬው ዋና ጉዳዬ ከዚህ ይጀምራል። በሕዋሶቻችን ውስጥ ሊሶዞም የሚባሉ በአሲድና በኢንዛይም የተሞሉ ከረጢቶች አሉ። ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ያገኙዋቸው ናቸው። የገባ ሁሉ እዚያ ይፈጫል፤ ትራስቱዙማቡም እዚያ ተፈጭቶ ነው መርዙን የሚለቀው። ሊሶዞም የሚፈጨው ግን ከውጭ የገባውን ብቻ አይደለም። ሕዋሱ የራሱን ያረጀና የተበላሸ አካል በሽፋን ጠቅልሎ ወደዚያው ይልካል፤ የተፈጨውንም መልሶ ለጉልበትና ለግንባታ ያውለዋል። ይህን ሥርዓት ኦቶፋጂ ይሉታል። ማገዶ ያለቀበት ቤት የተሰበረውን ሞፈርና የበሰበሰውን አጥር ለምድጃ ሲያደርግ፣ ግቢውም ይጸዳል፣ እራትም ይበስላል፤ ሕዋስም በችግር ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ የገለጡት ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ናቸው። የተጠቀሙበትም እናቶቼ በየዕለቱ የምታውቁትን እርሾ ነው፤ የዳቦ እርሾ። እርሾውን ምግብ ነፈጉት፤ የመፍጫ ኢንዛይም የሌለውን ዝርያ ስለመረጡ፣ ሊፈጭ የተጠቀለለው ሁሉ ሳይፈጭ ተከማችቶ በማይክሮስኮፕ ታያቸው። ከዚያ ሥርዓቱን የሚመሩትን ጂኖች አንድ በአንድ ለዩ። በ2016 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከጡት ካንሰር ጋር የተገናኘው ደግሞ በ1999 ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ቤት ሌቪንና ባልደረቦቻቸው ቤክሊን 1 የተባለውን የኦቶፋጂ ጂን መረመሩ። በበርካታ የጡት ካንሰሮች ውስጥ ከዚህ ጂን ሁለት ቅጂዎች አንዱ ጠፍቶ ይገኛል። ኤምሲኤፍ-7 የሚባሉት የጡት ካንሰር ሕዋሳትም ቤክሊን 1 ያንሳቸዋል። እነዚህ ሕዋሳት በ1970 ዲትሮይት ውስጥ ከአንዲት የ69 ዓመት መነኩሴ የተወሰዱ ናቸው፤ እማሆይ ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆንም ሕዋሳቸው ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ይራባል፤ ስለ ጡት ካንሰር ከምናውቀው ብዙው ከእርሳቸው የተገኘ ነው። እነ ሌቪን ቤክሊን 1ን ወደ ሕዋሳቱ መልሰው ሲያስገቡ ኦቶፋጂው በረታ፤ በአይጦች ላይ ዕጢ የማብቀል አቅማቸውም ደከመ። ኦቶፋጂ ጤነኛውን ሕዋስ ከቆሻሻ እያጸዳ ካንሰር እንዳይሆን ይጠብቃል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ በቀለለ። ኦቶፋጂን የሚያበረታ ቅጠል ፈልጎ መጠጣት ይበቃ ነበር። ብዙ ሰው በስልኩ የሚያየው ቪዲዮም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን አንዴ ካንሰር ከሆነ በኋላ ሕዋሱ ያንኑ ሥርዓት ለራሱ ጥቅም ያውለዋል። ዕጢው መሀል ላይ ደም አይደርስም፣ ምግብና ኦክስጅን ያጥራል፣ ኬሞ የሚባለው ሕክምናም ይመታዋል፤ የካንሰሩ ሕዋስ ግን የራሱን ስብርባሪ እየበላ ያን ጊዜ ያልፋል። ቀድሞ የጠበቀን ሥርዓት ኋላ ጠላታችንን ይጠብቃል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ አልሄድም፤ በርበሬያችንን ላንሳ። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ በሀገር የታወቀ ነው፤ ገበያውንም ኑሯችሁንም የያዘ ሰብል ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ብዙው ያለውም ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው። በ2010 የታተመ የኮሪያ ተመራማሪዎች ጥናት ካፕሳይሲንን በጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ጨምሮ አየ። ካፕሳይሲኑ ሕዋሳቱን አስጨነቃቸው፤ በዚያው ግን ኦቶፋጂን ቀሰቀሰ፤ ኦቶፋጂውም ሞታቸውን አዘገየው። ኦቶፋጂውን በሌላ መንገድ ሲያግዱት ሕዋሳቱ በብዛት ሞቱ። እንግዲህ በርበሬ ኦቶፋጂን ያነሳል የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ በዚህ ሙከራ ግን የተጠቀመው ካንሰሩ ነበር። ስለዚህ በርበሬ አትብሉ እያልኩ አይደለም። ወጥ ላይ የሚገባው በርበሬ በሰው ሆድ ውስጥ የሚሆነው፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከፈሰሰው ንጹሕ ካፕሳይሲን ጋር አንድ አይደለም። የምለው፣ ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም ብሎ በካፕሱል ታሽጎ የሚሸጥ የበርበሬ ጭማቂ ሲያመጡላችሁ ተጠንቀቁ ነው።

እርድም አለ፤ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ስለ እርሱ ነው። በውስጡ ያለው ኩርኩሚን በካንሰር ሕዋሳት ላይ በብዙ መቶ ጥናቶች ተፈትሿል፤ ኦቶፋጂንም ይነካል። ችግሩ፣ ከዱቄቱ ውስጥ ኩርኩሚን ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የዋጥነውም አንጀታችን በደንብ አያሳልፈውም። ከቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ብዙ እጥፍ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ ተረጋግጧል፤ ነጋዴዎቹ ሁለቱን ቀላቅለው የሚሸጡት ለዚህ ነው።

አሁን በጣም አድምጡኝ። ከጡት ካንሰር ሕሙማኖቻችን ብዙዎቹ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ለዓመታት ይውጣሉ። ርካሽ ነው፣ ሕይወት ያተርፋል። ታሞክሲፈን ግን እንደተዋጠ አይሠራም፤ ጉበት ኤንዶክሲፈን ወደሚባል ንጥረ ነገር ሲለውጠው ነው ጉልበት የሚያገኘው። በ2019 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ታሞክሲፈን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ኩርኩሚን ጨምሮ የደማቸውን ኤንዶክሲፈን ለካ። በ7.7 በመቶ ቀነሰ። ከቁንዶ በርበሬው ንጥረ ነገር ጋር ሲሆን ደግሞ በ12.4 በመቶ። የኤንዶክሲፈን መጠኗ ድንበር ላይ ለሆነ ሴት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። በአልጫ ላይ የሚነሰነሰው እርድ ማንንም አያስፈራ፤ በየቀኑ በብዛት የሚዋጠው የእርድ ካፕሱል ግን ሐኪሟ ሳያውቅ መወሰድ የለበትም።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ፣ ግራዋ፤ ስለ እያንዳንዳቸው የተጻፈ አለ፤ ነገሩ ግን ከላይ ካልኩት አይርቅም።

ይልቅ ወደ ሌላ ክኒን ልውሰዳችሁ፤ ወባ በሚበዛበት ቆላ የሚኖር ሰው መራራነቱን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ክሎሮኪን። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከኪኒን ነው፤ ኪኒን ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ልጥ የወጣ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ አንደርሳግ በ1934 ክሎሮኪንን በላቦራቶሪ ሠራው፤ ዛሬም በሀገራችን ቫይቫክስ ለሚባለው ወባ ይሰጣል። ይህ ክኒን በሕዋስ ውስጥ የሊሶዞሙን አሲድ ያከሽፋል፤ አሲዱ ሲከሽፍ የተጠቀለለው ሳይፈጭ ይቀራል፤ ኦቶፋጂው ይቆማል። ስለዚህ ሐኪሞች፣ ካንሰሩን በኬሞ እየመታን የሚደበቅበትን በክሎሮኪን ብንዘጋበትስ ብለው አሰቡ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው ታናሽ ወንድሙ ለዚህ ተፈተሸ።

በ2025 ከአሜሪካ ፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ውጤት ተስፋ የሚሰጥ ነው። የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው፣ በመቅኒያቸው ውስጥ ያንቀላፉ የካንሰር ሕዋሳት የተገኙባቸው 51 ሕሙማን ተሳተፉ። ያንቀላፋ ሕዋስ በኬሞ አይሞትም፤ ከዓመታት በኋላ ሲነቃ ነው በሽታው የሚመለሰው፤ እስኪነቃም ኦቶፋጂ ያኖረዋል። ለሕሙማኑ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ወይም ኤቨሮሊመስ፣ ወይም ሁለቱም ተሰጣቸው። ኤቨሮሊመስም የተፈጥሮ ልጅ ነው፤ አባቱ ራፓማይሲን በ1964 ከኢስተር ደሴት በተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ከሕሙማኑ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ያንቀላፉት ሕዋሳት ጠፉላቸው። 51 ሰው ጥቂት ነው፤ ትልልቅ ጥናቶች ማረጋገጥ አለባቸው። ግን መንገዱ እንዳለ አሳይቷል።

እንግዲህ የወባ ክኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለካንሰር መዋጥ ነው? አይደለም፤ ምክንያቱንም አጣጥ ራሱ ይነግረናል። ከአጣጡ የተገኘው መድኃኒት መርዙን የሚፈታው ሊሶዞም ውስጥ ነው ብያለሁ። ሊሶዞማቸው አሲዱ የከሸፈባቸው የካንሰር ሕዋሳት ይህን መድኃኒት እንደሚቋቋሙት በላቦራቶሪ ታይቷል። ክሎሮኪን ለአንዷ ሕክምና አጋዥ ሊሆን የሚችለውን ያህል፣ ለሌላዋ የመድኃኒቷን በር ሊዘጋባት ይችላል። የትኛው ሕዋስ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር፣ በምን መጠን፤ ይህ ሳይታወቅ ኦቶፋጂን ማብራትም ማጥፋትም በጨለማ መምታት ነው።

ጾምስ? ይህን ጥያቄ ከካህናትም ከወጣቶችም ሰምቻለሁ። ኦሱሚ እርሾውን አስርበው ኦቶፋጂን ስላዩ፣ ጾም ካንሰርን ይፈውሳል የሚል ስብከት በየስልኩ ተሰራጭቷል። ጾም የነፍስ ነገር ነው፤ አከብረዋለሁ፣ እጾማለሁም። ነገር ግን ኬሞ ላይ ያለች ሴት ክብደቷ ሲቀንስ የሕክምናውን መጠን የመሸከም አቅሟም ይቀንሳል። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው አታስገድድም። የነፍስ አባቶች በዚህ ብትረዱን፣ እንቁላሉንና ወተቱን በእጃችሁ ባርካችሁ ብትሰጧት፣ ከእኛ ምክር ይልቅ የእናንተ ቃል ይሰማል።

ስለ ሀገራችን ሁኔታም ሳልናገር አላልፍም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ካንሰር የጡት ነው፤ በ2020 የዓለም የካንሰር ግምት መሠረት በዓመት ከ16,000 በላይ አዲስ ሕሙማን፣ ከ9,000 በላይ ሟቾች። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ደረጃ ሦስትና አራት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጨረር ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከፍኖተ ሰላም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአጣጣችን የተወለደው መድኃኒት ደግሞ ዛሬ በሆስፒታሎቻችን እንደልብ የሚገኝ አይደለም፤ እርሱን ለማዘዝ የሚያስፈልገው የኸር-2 ምርመራም ቢሆን በየቦታው የለም። ከራሳችን ምድር ተወስዶ ለዓለም ሴቶች የደረሰ መድኃኒት ለጎጃም ሴት ሳይደርስ መቅረቱ ያንገበግበኛል። አጣጡ ሲወሰድ የዘረ መል ሀብትን የሚጠብቅ ሕግ አልነበረንም፤ ዛሬ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 482 አለ፤ ማኅበረሰቡንም የዕውቀቱ ባለቤት ያደርጋል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያላችሁ ወጣት ኬሚስቶችና የሥነ ዕፅ ተማሪዎች፣ የምዕራብ ጎጃምን አጣጦች አንድ በአንድ ለይታችሁ የትኛው ምን እንደያዘ ብትመረምሩ፣ ሥራው የእናንተ ነው፤ የባህል ሐኪሞቻችንንም እንደ አዋቂ ይዛችሁ ጠይቋቸው፤ ስማቸውንም ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ የአጣጥ ሥር ወይም ቅጠል ለጡት ካንሰር ቀቅሎ መጠጣት አይገባም። በአጥራችሁ ያለው ዝርያ ማይታንሲን ላይኖረው ይችላል፤ ካለው ደግሞ በሐኪም ቁጥጥር በተሰጠ ጊዜ እንኳ ሰውነት ሊሸከመው ያልቻለ መርዝ ነው።

እህቶቼ፣ ጡታችሁ ላይ ወይም ብብታችሁ ሥር እብጠት ካገኛችሁ፣ ባያምምም፣ ቆዳው እንደ መሰርጎድ ካለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ከሆነም በጊዜ የተያዘው በአብዛኛው ይድናል። ከጤና ጣቢያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይመሩዋችኋል። ጠበል ያለች ትጠመቅ፣ መድኃኒት አዋቂ ጋር የሄደችም ትሂድ፤ ይህ ግን ሐኪሙን ለአንድ ቀን እንኳ አያስቀር። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የክኒኑን ካርቶን፣ የዱቄቱን ብልቃጥ፣ ስሙን ካላወቃችሁ ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ። ሐኪም እንዳይቆጣ ብላችሁ አትደብቁ፤ ከተቆጣም ታገሱትና ንገሩት፤ የእርድ ካፕሱሉን ሳያውቅ ታሞክሲፈኑ ለምን እንዳልሠራ ሊያውቅ አይችልም።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁት እናቶች ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።